ስለ ምሳሌና ስለ ተንቀሳቃሽ ሥዕል

በጨርጨር ደጋ፥ ከጭሮ ከተማ፥ ይኸውም በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ ትባል ከነበረችው፥ ተነሥቼ ወደ መሰላ በሄድሁበት ወራት፥ በዚያ ያሉ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አንድ አዲስ ነገር አስበው አገኘኋቸው። የጌታችንን ምሳሌዎች ለሕፃናትም ለጎልማሶችም በአጫጭር ፊልም ለማስተማር ፈልገው፥ በአዳራሻቸው ግድግዳ ላይ ነጭ አቡጀዲ ወጥረው፥ ፕሮጀክተር የሚባለውን የብርሃን መሣሪያ በሣጥን ላይ አስቀምጠው፥ የማታውን ጉባኤ ይጠባበቁ ነበር። መብራት ቢጠፋስ ብለውም ጄኔሬተር ተውሰው ከደጅ አቁመዋል።

ይህን ያዩ አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ ግን ደስ አላላቸውም። «ልጆቼ፥ እኛ ወንጌልን የተማርነው በጆሮ ነው። ይህ ዛሬ ያመጣችሁት ነገር መጀመሪያ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሕዝቡ ምን ብሎ እንደ ጠራው አልሰማችሁምን?» አሏቸው። ወጣቶቹም በአክብሮት፥ «አባታችን፥ ይህ እኮ ዘፈን አይደለም፤ የዘሪው ምሳሌ ነው» ብለው መለሱ። ነገሩ ወደ እኔ ዞረና «የኔታ፥ እርስዎ ይፍረዱን» ተባልሁ። በዚያች ሌሊት አልፈረድሁም። በቅኔ ቤት ያደገ ሰው የከበደ ነገር ሲገጥመው ሌሊቱን ያድርበታል፤ እኔም ከአንድ ሌሊት የበለጠ አደርሁበት። ይህ ጽሑፍ የዚያ ዕዳ ክፍያ ነው። የአውሮጳን ዘመን በምጠቅስበት ስፍራ እ.ኤ.አ. ብዬ አመለክታለሁና አንባቢ ያስተውልልኝ።

ምሳሌ የሚለው ቃል «መሰለ» ከሚለው ግስ መውጣቱን ለካህናት መናገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። (የመሰላ ስም ከዚህ ግስ ጋር በድምፅ መግጠሙ ለቅኔ ቤት ልጅ ፈተና ነው፤ ነገር ግን የአገሩን ስም የአገሩ ቋንቋ ይተርጉመው እንጂ እኔ በግእዝ አልፈታውም።) ለከተማው አንባቢ ግን አንድ ነገር ላስታውስ። ጌታችን የዘሪውን ምሳሌ በታንኳ ተቀምጦ በባሕር ዳር ለቆመው ሕዝብ ሁሉ ተናገረ፤ ትርጓሜውን ግን ደቀ መዛሙርቱ ቀርበው በጠየቁት ጊዜ ለእነርሱ ለብቻቸው ነገራቸው። እንግዲህ ከመጀመሪያው አንሥቶ ምሳሌ ሁለት ጉባኤ አለው፤ አንዱ የሚሰሙት የሁሉ ጉባኤ፥ ሁለተኛው ቀርበው የሚጠይቁት የጥቂቶች ጉባኤ ነው። ሰሙ በአደባባይ ይቀልጣል፥ ወርቁ በቤት ይወጣል። ፊልም የትኛውን ጉባኤ ያገለግላል የሚለው ጥያቄ፥ እንደ እኔ አሳብ፥ የነገሩ ሁሉ ሥር ነው።

በዓይን ማስተማር ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ ነገር እንዳልሆነ አስቀድሜ ልናገር። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት) የእመቤታችን ተአምር በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ፥ ሥዕሏም እንዲከበር ባዘዙ ጊዜ፥ ንባቡና ሥዕሉ አብረው የሚሄዱ ሆኑ። በዚያው ዘመን ፍሬ ጽዮን የሚባል መነኩሴ ሠዓሊ ነበረ፤ የእጁ ሥራ እስከ ዛሬ በጣና ደሴቶች ይታያል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ለዛሬው ጉዳያችን እጅግ የሚቀርብ ነገር ሆነ፤ ይኸውም እንደ ምን ነው ቢሉ፥ እ.ኤ.አ. በ1590 እና በ1591 በሮማ ከተማ በሜዲቺ ማተሚያ ቤት ወንጌል በዐረብኛ ታተመ። በውስጡም አንቶንዮ ቴምፔስታ የሚባል ሠዓሊ የነደፋቸው፥ በእንጨት ተቀርጸው የታተሙ ብዙ የወንጌል ሥዕሎች ነበሩበት። ይህ መጽሐፍ በኢየሱሳውያን ዘመን ወደ አገራችን ገባ። ዐፄ ፋሲለደስ ነግሠው የአባቶቻችን ሃይማኖት በተመለሰ ጊዜ መጽሐፉን ያመጡት ሰዎች ከአገር ወጡ፤ ሥዕሉ ግን ቀረ። የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች ያንን የሮማ ሥዕል ተመልክተው፥ የሚጠቅማቸውን አንሥተው፥ የማይጠቅማቸውን ጥለው፥ በራሳቸው ቀለምና በራሳቸው መልክ በብራና ወንጌሎቻቸው ሣሉት። እንዲሁም በሮማ ባለችው በታላቂቱ የማርያም ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው የእመቤታችን ሥዕል በአገራችን ሠዓሊዎች እጅ ስንት ጊዜ እንደ ተቀዳ ካህናት ያውቁታል፤ ከእነርሱም መካከል ሥዕሉ ከሮማ መጣ ብሎ ፊቱን ያዞረ አልነበረም።

ይህን ያነሣሁት ስለ ምን ቢሉ፥ ዛሬ ወጣቶቹ የሚያሳዩት ፊልም ከባሕር ማዶ መጥቷልና አይገባም የሚል ሰው ቢኖር፥ ክርክሩ በጎንደር ዘመን የተፈታ መሆኑን እንዲያውቅ ነው። የውጭ መሆኑ አይከለክለውም። የሚከለክለው ነገር ካለ ሌላ ዘንድ ይፈለግ።

ሁላችን በልጅነታችን ያየነውን እናስታውስ። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል ይቆያል። መምህሩ መቋሚያውን አንሥቶ «ይህ ማነው?» ይላል፤ ልጁ ይመልሳል፤ ቢሳሳት ይታረማል፤ ሥዕሉም እስኪታረም ድረስ ከስፍራው አይነቃነቅም። ልጁ በሚመጣው ዓመት አድጎ ሲመለስ ያንኑ ሥዕል ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ ግን ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል። ፊልም እንዲህ አይደለም። ፊልም መምህሩን አይጠብቅም፤ እርሱ ቃሉን ሳይጨርስ ባለታሪኩ መንገዱን ሄዶ ጨርሷል።

አሁን ወደ ሲኒማው ታሪክ እንግባ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 28 ቀን 1895 ሉሚዬር የሚባሉ የፈረንሳይ ወንድማማቾች በፓሪስ ከተማ በአንድ ቡና ቤት ምድር ቤት ተንቀሳቃሽ ሥዕላቸውን ለሕዝብ በገንዘብ አሳዩ። ከዚህ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፥ እ.ኤ.አ. በ1897፥ የጌታን ሕማማት የሚያሳይ ፊልም በዚያው በፈረንሳይ ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ1899 ሜሊየስ የሚባለው፥ በፊልም ምትሐት የታወቀው ሰው፥ ክርስቶስ በባሕር ላይ ሲሄድ የሚያሳይ እጅግ አጭር ፊልም ሠራ። ፓቴ የሚባለው ማኅበር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1902 እስከ 1905 የጌታን ልደትና ሕማማት በተከታታይ ክፍሎች አሠርቶ፥ ክፍሎቹን ለየብቻ ይሸጥ ነበር። ልደትን የፈለገ ልደትን፥ ስቅለትን የፈለገ ስቅለትን ብቻ ገዝቶ ይሄዳል ማለት ነው። እንግዲህ ወንጌልን በአጭር ፊልም ማሳየት የዛሬ ልጆች ፈጠራ አይደለም፤ ከሲኒማ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ወንጌልን ቈራርጦ መሸጥም እንዲሁ አብሮ ተወልዷል።

ወደ አገራችን ሲኒማ የገባው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። እንደሚነገረው አንድ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1898 መሣሪያውን አምጥቶ ለኢጣልያው መልእክተኛ ለቺኮዲኮላ ሸጠለት፤ እርሱም ለንጉሠ ነገሥቱ እጅ መንሻ አደረገው። ከጅቡቲ የሚመጣው የምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፥ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ ሐዲዱም ከጨርጨር ተራራ በታች በቈላው በሚኤሶ በኩል ያልፋል። ሕዝብ የሚገባበት የፊልም ቤት በአዲስ አበባ በተከፈተ ጊዜ ግን የከተማው ሰው «የሰይጣን ቤት» አለው። ስሙ እስከ ዛሬ አልጠፋም፤ መሰላ ያሉት ቄስም የጠቀሱት ይህንኑ ነው።

ዛሬ የተማሩ ሰዎች ይህን ስም ሲሰሙ ይሥቃሉ። እኔ ግን አልሥቅም። ሕዝቡ ያየውን እናስብ፤ ሥጋ የሌለው ሰው በግድግዳ ላይ ይሄዳል፥ ይበላል፥ ያለቅሳል፥ መብራቱ ሲበራ ደግሞ የለም። በጸሎት መጽሐፍ ስለ ምትሐት ያነበበ ሰው ሌላ ምን ስም ያውጣለት? ሰው ያላወቀውን ነገር የሚጠራው በሚያውቀው ቃል ነው። ስሙ ስድብ ሆኖ ቀረ እንጂ፥ በመነሻው «የሚታየው ነገር አለ ወይስ የለም?» የሚል ጥያቄ ነበረ፤ ይህም የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም። በኋላም በጠላት ወረራ ዘመን ኢጣልያኖች ፊልምን ለራሳቸው ስብከት መሣሪያ ባደረጉት ጊዜ የሚታየው ነገር ሁሉ እውነት እንዳልሆነ ያወቀ አወቀ።

ስለ ጨርጨር ስናወራ ግን ከሲኒማው ይልቅ የሚቀርበን አንድ ታሪክ አለ፤ ብዙ ሰው ነገሩን በየብቻው ያውቀዋል እንጂ አጋጥሞ አላየውም። አሰበ ተፈሪን በፕላን የቈረቈሩት፥ በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ዘመን የጨርጨር ገዥ የነበሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። እርሳቸው በልጅነታቸው ወደ መስኮብ አገር ሄደው የመድፈኛነት ትምህርት የተማሩ፥ በኋላ የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፥ በጄኔቭ ጉባኤም ስለ ኢትዮጵያ የተናገሩ ሰው ናቸው። ጨርጨርም በአስተዳደሩ ለሌሎች አውራጃዎች ምሳሌ እንዲሆን ታስቦ ለእርሳቸው የተሰጠ ግዛት ነበረ፤ «ምሳሌ» የሚለው ቃል በዚህም ስፍራ ይከተለናል። እኒሁ ሰው በ1913 ዓ.ም. ገደማ (እ.ኤ.አ. 1921) «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የሚባለውን ድርሰት ጽፈው በአዲስ አበባ በቴራስ ሆቴል አሳዩ። በአማርኛ የተጻፈ የመጀመሪያው ቴአትር ይህ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገሩም ከፈረንሳዊው ላ ፎንቴን የተረት ምሳሌዎች የተወሰደ ሆኖ፥ አንበሳና ቀበሮ፥ ሌላውም አውሬ እንደ ሰው ይነጋገሩበታል፤ በአውሬው አፍ የሚወቀሰው ግን የአገሩ አስተዳደር ነበረ።

ውጤቱ ምን ሆነ ቢሉ፥ ተከለከለ። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የነበሩ ባለሥልጣኖች ድርሰቱን አልወደዱትም። ይህን ታሪክ የሚናገሩ ሰዎች ሁሉ መኳንንቱን ኋላ ቀር ብለው ይነቅፋሉ። እኔ ደግሞ ነገሩን በሌላ ወገን አየዋለሁ። ወርቁን ያላገኘ ሰው ሰሙን አይከለክልም። መኳንንቱ በቅኔ ማኅሌት ያደጉ፥ በድርብ ቃል የሚነጋገሩ፥ ሰምና ወርቅ የሚለዩ ሰዎች ስለ ነበሩ፥ ቀበሮው ማን እንደ ሆነ ወዲያው ገባቸው። ምሳሌ በመድረክ ላይ ወጥቶ ሰውን መንካት የሚችል መሆኑ በአገራችን መጀመሪያ የታየው በዚህ ነው፤ ያሳዩትም ሰው በኋለኛው ዘመናቸው በዚያው በጨርጨር በሂርና እርሻቸው ላይ ሲኖሩ እ.ኤ.አ. በ1977 ዐረፉ።

በውጭው ዓለምም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1964 በኒው ዮርክ በተደረገው የዓለም ትርኢት፥ የፕሮቴስታንትና የኦርቶዶክስ ማዕከል በተባለው አዳራሽ፥ «ምሳሌ» የሚል ስም ያለው፥ 22 ደቂቃ የሚፈጅ ፊልም ቀረበ። በፊልሙ ውስጥ ንግግር የለበትም። ፊቱን ነጭ የተቀባ፥ ነጭ የለበሰ አንድ የሰርከስ አስቂኝ በአህያ ተቀምጦ ይመጣል፤ የደከመውን ሰው ሸክም ይሸከማል፥ የተናቀውን ሰው ስፍራ ይወስዳል፥ በመጨረሻም በሌሎች ፋንታ ይሞታል። የትርኢቱ አለቃ ሮበርት ሞሰስ ፊልሙ እንዲቀር ጠየቀ፤ በክርስቲያኖቹም መካከል ክርስቶስ እንዴት በአስቂኝ ይመሰላል የሚል ብርቱ ክርክር ተነሣ። ይሁን እንጂ አሳዩት። እ.ኤ.አ. በ2012 ፊልሙ በአሜሪካ ከሚጠበቁት የፊልም ቅርሶች መዝገብ ገባ። እኔ ራሴ አስቂኝነቱን ለመውደድ ተቸግሬአለሁ፤ ጌታችንን በዚህ መልክ ለማየት ዓይኔ አልለመደም። ነገር ግን ጌታችን ራሱን በዶሮ፥ መንግሥቱን በእርሾ መመሰሉን ሳስብ አፌን እይዛለሁ።

ወደ አገራችን ገጠር የደረሰው ግን ሌላ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው፥ ከሉቃስ ወንጌል የተቀዳው «ኢየሱስ» የሚባለው ፊልም፥ በእስራኤል አገር ተሠርቶ፥ ቋንቋው እየተለወጠ እስካሁን ከሁለት ሺህ በሚበልጡ ልሳናት ተሰምቷል፤ አማርኛና ኦሮምኛም በውስጡ ይገኛሉ። የወንጌላውያን ማኅበራት ሸራ በመኪና ጭነው፥ በሌሊት በሜዳ ዘርግተው ሲያሳዩት ሕዝብ ተሰብስቦ ያየው ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን የራሷን የቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። በመካከሉ ያለው ዘመን የእኛ ሰነፍነት ነው እላለሁ፤ ነገሩን ያቀለለው ሌላ ሰው ሳይሆን እኛው ነን። ልጆቻችን ዛሬ የዘሪውን ምሳሌ በእጅ ስልካቸው በሦስት ደቂቃ ያያሉ፤ ማን እንደ ሠራውም፥ ምን እንደ ጨመረበትም፥ ምን እንደ ቀነሰበትም አንጠይቅም።

ስለ መቀነስ ካነሣሁ፥ በመሰላ በመጀመሪያው ሌሊት ያየሁትን ልንገር። ወጣቶቹ ካሳዩአቸው ፊልሞች አንዱ ስለ ጠፋው ልጅ የሚናገር፥ ስምንት ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ነበረ። ሥራው ያማረ ነው፤ ልጁ በእሪያ መካከል ተቀምጦ የአባቱን ቤት ሲያስብ ከሴቶቹ ወገን ያለቀሱ ነበሩ። አባቱ ሮጦ አንገቱን አቀፈው፤ ሙዚቃው ከፍ አለ፤ ፊልሙ አለቀ። ታላቁ ወንድም የለም! ከእርሻ የተመለሰው፥ የዘፈኑን ድምፅ ሰምቶ አልገባም ያለው፥ አባቱ ወጥቶ የለመነው፥ ያ ሰው የለም። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ታሪኩ በደስታ እንዲያልቅ ፈልገው ይሆናል። ነገር ግን ጌታችን ይህን ምሳሌ የተናገረው ስለ ኃጢአተኞች መቀበል ላጉረመረሙት ለጸሐፍትና ለፈሪሳውያን አይደለምን? የመጡበት ሰዎች ተትተው ምሳሌው ለማን ሊሆን ነው? በዚያ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል ከቤት ያልጠፋን፥ ዕድሜያችንን ሁሉ በእርሻው የቈየን፥ እንግዲህ የራሳችንን ፊት ሳናይ ወደ ቤታችን ሄድን። ከሁሉ ይልቅ የሚያሠጋኝ ይህ ነው፤ አጭር ፊልም የሚያሳጥረው ብዙ ጊዜ እኛን የሚነካንን ነው።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ የጠለቀ ነው። የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ አባቶች ይህን ነገር በብዙ ወገን ይተረጉሙታል። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የወረደው ሰው አዳም ነው፤ ወንበዶቹ አጋንንት ናቸው፤ ያለፉት ካህኑና ሌዋዊው ሊያድኑት ያልቻሉ ሕግና ነቢያት ናቸው፤ ሳምራዊው ጌታችን ነው፤ የእንግዶች ማደሪያው ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ሁለቱ ዲናር ብሉይና ሐዲስ ናቸው። አንድም ነገሩ እንደ ተጻፈው ነው፤ በመንገድ የወደቀውን አንሣ ማለት ነው። እኛ በትርጓሜ ቤት «አንድም» እያልን ከአንዱ ወደ ሌላው ስንሄድ የፊተኛውን አናፈርስም። ፊልም ግን «አንድም» ማለት አይችልም። ሳምራዊው አንድ ፊት አለው፤ ያ ፊት የአንድ ሰው ፊት ነው፤ ልጁም ከዚያ ወዲያ ሳምራዊ ሲባል ያንን ፊት ብቻ ያስባል። በጆሮ የሰማ ሰው ግን ፊቱን ራሱ ይሥላል፤ ባደገ ቍጥርም ይለውጠዋል።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ፊልሙ ይቅር ለማለት እንዳልደፍር ያደረገኝ ሁለተኛው ሌሊት ነው። በዚያች ሌሊት የዘሪው ምሳሌ ቀረበ። እንደ ጉድ የሚያምር አገር፥ ወርቅ የመሰለ ስንዴ፥ ነጭ የለበሰ ሰው ዘሩን በእፍኙ እየረጨ ይሄዳል። በመንገድ ዳር የወደቀውን ወፎች መጥተው ለቀሙት፤ ይህም በፊልሙ ላይ ዓይን እስኪጨፈን አይቈይም። ያን ጊዜ ከፊት ከተቀመጡት ሕፃናት አንዱ፥ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፥ ጮክ ብሎ «ጠባቂው የት ሄደ?» አለ። ሕፃናቱ ሁሉ ሣቁ።

የጨርጨርን አገር ያላየ አንባቢ ሣቁ አይገባውምና ልንገር። በዚያ አገር የሕዝቡ ዋና እህል ማሽላ ነው። ማሽላው ፍሬ በያዘ ጊዜ ወፍ እንዳይጨርሰው በእርሻው መካከል ማማ ይሠራል፤ ልጆችም ወንጭፍ ይዘው ከማማው ላይ ሆነው ከንጋት እስከ ማታ ይጮኻሉ፥ ድንጋይ ይወረውራሉ። ያ የጠየቀው ልጅ ራሱ ወፍ ጠባቂ ነው። ዘር ሲዘራና ፍሬ ሲያዝ ያለው ጊዜ የተለያየ መሆኑን ያጣዋል ብዬ አላስብም፤ ነገር ግን ወፍ ሲወርድ ሲያይ መጀመሪያ የሚፈልገው ጠባቂውን ነው። እኔም በትርጓሜ ቤት ስኖር ስለ መንገዱ፥ ስለ ጭንጫው፥ ስለ እሾሁ፥ ስለ መልካሙ መሬት፥ ስለ ሠላሳው ስለ ስድሳው ስለ መቶው ስንት ነገር ሰምቻለሁ፤ ጠባቂው የት ሄደ ብሎ የጠየቀ ግን አልሰማሁም። ይህን ጥያቄ ከልጁ ያወጣው ፊልሙ ነው። በቃል ብቻ ብንነግረው ኖሮ ወፎቹ ሲወርዱ አያይም ነበር፤ ባያይም አይጮኽም ነበር።

ፊልሙን የያዘው ወጣት ግን ሥራው ላይ ነበረና አልሰማም፤ ሥዕሉ ወደ ጭንጫው አለፈ። ያን ጊዜ አንድ ድምፅ ከኋላ፥ «አቁመው! ወደ ኋላ መልሰው!» አለ። ዞር ብለን ስናይ፥ ለካ ያ ሸምገል ያሉት ቄስ ሳናያቸው ገብተው ከበሩ አጠገብ ቆመዋል። ወጣቱም መለሰው፤ ወፎቹ ክንፋቸውን እንደ ዘረጉ በአቡጀዲው ላይ ቀሩ። ቄሱ በሕፃናቱ መካከል እየተራመዱ ወደ ፊት መጥተው፥ መቋሚያቸውን አንሥተው ወፉን ነኩና «ልጄ፥ መልካም ጠየቅህ። ይህን መንገድ እንዲጠብቅ የተሾመው ማነው?» አሉ። ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት የሚያህል ስለ እረኞችና ስለ ቸልተኝነት፥ ስለ አባትና ስለ እናት፥ ስለ ራሳቸው ስለ ካህናቱም ሳይቀር አስተማሩ። ሥዕሉ እስኪጨርሱ ድረስ ከስፍራው አልተነቃነቀም። ተንቀሳቃሹ ሥዕል ለግማሽ ሰዓት የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሆነላቸው። ነገሩን በአማርኛ ጀምረው፥ ከልጆቹ የበዙት በቤታቸው የሚናገሩት ኦሮምኛ ነውና፥ በኦሮምኛ ጨረሱት።

ስለዚህ ፍርዴን የጠየቃችሁኝ የመሰላ ልጆች፥ የማውቀውን ያህል እነሆ። ፊልሙን የሚያቆም እጅ ይኑረው። ታላቁ ወንድም የጐደለበትን ፊልም ስታሳዩ፥ ሲያልቅ መብራቱን አብርታችሁ የጐደለውን ከመጽሐፉ አንብቡ። ከማሳየታችሁም በፊት ከካህናቱ አንዱ አስቀድሞ ይየው። ከዚህ የበለጠ ሥርዐት እኔ ለማውጣት አልተሾምሁም።

አንድ ነገር ግን ይቀረኛል። ወጣቶቹ የሌላውን አገር ፊልም ማየት ሰልችቷቸው፥ የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ በራሳቸው መንገድ ለመሥራት አስበዋል። ከጭሮ የሚወጣውን የመኪና መንገድ የሚያውቅ ሁሉ የጫት መኪኖች በምን ዓይነት ፍጥነት እንደሚበሩበት ያውቃል። በእነርሱ ድርሰት አንድ መንገደኛ በሌሊት ተዘርፎና ተደብድቦ ከመንገዱ ዳር ይወድቃል፤ አንድ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ በመኪና ያልፈዋል፥ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት መሪ ያልፈዋል። ሦስተኛው ማን ይሁን በሚለው ተከራከሩ። አንዲት ልጅ «ሳምራዊ ለአይሁድ በሃይማኖት የተለየ ጎረቤት ነበረ፤ እንግዲህ ሦስተኛው እስላም ይሁን» አለች። ጉባኤው ዝም አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፥ «ሳምራዊው ጌታችን ነው ብለን እያስተማርን እንዴት እንዲህ ይሆናል?» አሉ። ሌላው ደግሞ «አገልጋዩን አሳላፊ፥ ሌላውን አዳኝ ስናደርግ ሰው ምን ይለናል?» አሉ። ይህ ሁለተኛው ቃል የኢየሩሳሌም ካህናት ያን ምሳሌ በሰሙ ጊዜ ሊሉ የሚችሉት ቃል መሆኑን ልብ አድርጌአለሁ፤ ነገር ግን ተናጋሪው ቅን ሰው ናቸውና አልመለስሁላቸውም።

ቄሱ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ከቈዩ በኋላ ከደጅ ወደሚሰማው ድምፅ ጆሯቸውን አዘንብለው፥ «ይህ የሚጮኸው ጄኔሬተር የማን ነው?» ብለው ጠየቁ። በዚያች ማታ መብራት ጠፍቶ ነበረ። ወጣቶቹም የጎረቤታቸው የነጋዴው የሐጂ መሆኑን፥ ነዳጁንም እርሳቸው እንደ ሞሉት፥ ልጃቸውም እንዳይጠፋ ከደጅ ተቀምጦ እንደሚጠብቀው ነገሯቸው። ቄሱ ከዚህ በላይ አልተናገሩም። ድርሰቱ ገና አልተሠራም፤ የማሽላው ወራት ደርሶ ልጆቹ ወደ ማማ ወጥተዋል፥ ሦስተኛውንም ሰው የሚሠራው ማን እንደ ሆነ እስከዚህ ጽሑፍ ድረስ አልተቈረጠም።